«የልጁ ደም ሙሉ ነው» ብላችሁ አትሸንግሉኝ፦ ጭስ ከጨቅላው ላይ የሚወስደው አይረን

የዛሬው ጽሑፍ ቆጣ ያለ ነው፤ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ቁጣዬ ግን በእናቶች ላይ አይደለም። ስለ እርግዝናና ስለ ጭስ በተነሳ ቁጥር ከአፋችን በማይጠፉ ጥቂት አባባሎች ላይ ነው። «አንድ ሁለት ፍሬ ምን ያደርጋል?» «ሺሻ እኮ በውሃ ተጣርቶ ነው።» «የማጨሰው እኔ እንጂ እሷ አይደለችም።» ከሁሉም የምትብሰው ደግሞ ይህች ናት፦ «ልጁ እንደተወለደ ተመርምሮ ደሙ ሙሉ ነው ተብሏል።»

ይህችን የመጨረሻዋን ነጭ ጋዋን ከለበሰ ሰው አፍም ሰምቻታለሁ። ስለዚህ ከእሷ ልጀምር።

እናቱ በእርግዝናዋ ጊዜ ስታጨስ የቆየች ጨቅላ ሲወለድ ሄሞግሎቢኑ ደህና ሊሆን ይችላል። እንዲያውም ከሌሎች ጨቅላዎች ከፍ ብሎ ሊገኝ ይችላል። ቤተሰቡ የላብራቶሪውን ወረቀት ያይና «ተመስገን፣ ሲጋራው አልነካውም» ይላል። እኔ ደግሞ እላለሁ፦ ያ ከፍታ ጤና ሳይሆን ልጁ ማኅፀን ውስጥ አየር እያጠረው እንደነበር የሚናገር ምስክር ሊሆን ይችላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሲጋራ ጭስ ውስጥ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ አለ። ሽታ የለውም፣ ቀለም የለውም። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል። ሄሞግሎቢንን እንደ ሚኒባስ ታክሲ አስቡት። ኦክስጅን ይሳፈራል፣ ሰፈሩ ሲደርስ ይወርዳል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ወንበሩን ይዞ «ወራጅ አለ» የማይል ተሳፋሪ ነው። ታክሲው ሙሉ ሆኖ ይዞራል፣ ፌርማታው ላይ ግን የሚወርድ የለም። ይባስ ብሎ ይህ ጋዝ የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይገባል፤ በጽንሱ ደም ውስጥ ከእናቲቱም በላይ ይከማቻል፣ የሚወጣውም ዘግይቶ ነው።

ጽንሱ ምን ያድርግ? መተንፈስ አይችል፣ መስኮት አይከፍት። ያለው አማራጭ አንድ ነው፤ ተጨማሪ ታክሲ ማሰማራት። ሰውነቱ ቀይ የደም ሕዋስ እንዲመረት ያዝዛል፣ ሄሞግሎቢኑም ይጨምራል። ታዲያ ሄሞግሎቢን ከምን ይሠራል? ከአይረን ነው። አይረኑስ ከየት ይመጣል? እናቱ ለነገ ብላ ካስቀመጠችለት ጎተራ።

ሄሞግሎቢን ምድጃ ላይ ያለው ድስት ነው። ጎተራው ውስጥ ያለውን የሚነግረን ሌላ ምርመራ ነው፤ ፌሪቲን ይባላል። ድስቱ ስለሞላ ጎተራው ሙሉ ነው ማለት አይቻልም። አንዳንዴማ ድስቱ የሞላው ጎተራው ስለተራገፈ ነው። ለዚህ ነው «ደሙ ሙሉ ነው» የሚለው ወሬ የማያሳምነኝ።

(በነገራችን ላይ ይህ ስህተት በእናቶችም ላይ ይሠራል። የሚያጨስ ሰው ሄሞግሎቢን በማጨሱ ምክንያት ብቻ ከፍ ይላል። አዲስ አበባ ደግሞ ከ2300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከፍታውም ብቻውን ሄሞግሎቢንን ያነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ውጤቱ ሲነበብ ለሁለቱም ማስተካከያ እንዲደረግ ያሳስባል። ማስተካከያው ካልተደረገ አይረን ያነሳት ነፍሰ ጡር «ደምሽ ጥሩ ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ልትሄድ ትችላለች።)

እዚህ ላይ ጎበዝ አንባቢ ይጠይቀኛል፦ «ዶክተር፣ አይረኑ ከጎተራ ወደ ደም ቢዛወር ያው ልጁ ሰውነት ውስጥ አይደለም እንዴ? ከተወለደ በኋላ ትርፉ ቀይ ሕዋስ ሲፈርስ አይረኑ ተመልሶ ይቀመጣል።» ጥሩ ጥያቄ ነው፣ እውነትም አለው። ከወሊድ በኋላ ልጁ በአፍንጫው ኦክስጅን ማግኘት ሲጀምር ያ ሁሉ ቀይ ሕዋስ አያስፈልገውም፤ ይፈርሳል፣ አይረኑም አይጣልም።

ችግሩ ግን ጊዜው ላይ ነው። የጽንስ ሰውነት አይረን ሲያጥረው እኩል አያካፍልም። ቅድሚያ ለቀይ የደም ሕዋስ ይሰጣል፤ አንጎል፣ ልብና ጡንቻ ወረፋ ይጠብቃሉ። የአንጎል ሥራ ደግሞ ወረፋ የሚጠብቅ አይደለም። በመጨረሻዎቹ የእርግዝና ወራትና በመጀመሪያዎቹ የሕይወት ወራት የማስታወስ ሥራ የሚሠራው የአንጎል ክፍል እየተገነባ ነው፣ የነርቭ ሽቦዎችም ልባሳቸውን እየለበሱ ነው። ሁለቱም አይረን ይፈልጋሉ። ግንበኛው በመጣበት ሳምንት ሲሚንቶ ከሌለ፣ ከሦስት ወር በኋላ ሲሚንቶው ቢመጣ ግንበኛው ሄዷል።

በኮስታ ሪካ የተደረገ የታወቀ ክትትል አለ። በሕፃንነታቸው ከባድና ሥር የሰደደ የአይረን እጥረት የነበረባቸው ልጆች ሕክምና ተሰጥቷቸው ደማቸው ተስተካከለ። ሆኖም እስከ 19 ዓመታቸው ድረስ ሲከታተሏቸው በአእምሮ ችሎታ ምዘና ከእኩዮቻቸው ዝቅ እንዳሉ ቆይተዋል። እነዚያ ልጆች የተጠኑት በሲጋራ ምክንያት አይደለም፤ ማጋነን አልፈልግም። እጥረቱ በየትኛውም መንገድ ይምጣ፣ ዘግይቶ መሙላት ሁልጊዜ የጠፋውን እንደማይመልስ ግን ያሳያል።

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ፤ ሒሳብ የማይዋሽ ነገር ስለሆነ እወደዋለሁ።

በጊዜው የተወለደ ጤናማ ሕፃን በአንድ ኪሎ ክብደቱ ወደ 75 ሚሊግራም አይረን ይዞ ይወለዳል። ሦስት ኪሎ ከሆነ ወደ 225 ሚሊግራም ማለት ነው። አብዛኛው የሚተላለፍለት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ነው። ይህ የእናት ስንቅ ነው። የጡት ወተት ከምግቦች ሁሉ የሚበልጥ ቢሆንም አይረኑ ትንሽ ነው፤ ፈጣሪ ስንቁን አስቀድሞ እንዲያዝለት ስላደረገ ነው እላለሁ እኔ። ልጁ በዚህ ስንቅ እስከ ስድስት ወር አካባቢ ይቆያል።

የሚያጨሱ እናቶች ልጆች በአማካይ ወደ 200 ግራም ቀለው ይወለዳሉ። ይህ በሕክምናው ዓለም ለብዙ አሥርት ዓመታት የታወቀ ነው። 200 ግራም ሲባል ትንሽ ይመስላል፤ «ልጅ ሲያድግ ይወፍራል» ይባላል። በእኛ ሒሳብ ግን 200 ግራም ማለት 15 ሚሊግራም አይረን ነው። አንድ ሕፃን ከስድስት ወር በኋላ በቀን ወደ ደሙ ማስገባት የሚያስፈልገው አይረን አንድ ሚሊግራም እንኳ አይሞላም። ስለዚህ ያቺ «ትንሽ» ቅናሽ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያቆይ ስንቅ ናት። ይህ እንግዲህ በጊዜው ለተወለደው ነው። ማጨስ ያለጊዜው የመወለድን ዕድልም ይጨምራል። ሁለት ወር ቀድሞ የተወለደ ልጅ ስንቁ ሳይጫንለት መንገድ የጀመረ ነው።

ኒኮቲን ደግሞ የደም ሥሮችን ያጠባል፤ ወደ እንግዴ ልጁ የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ትምባሆ ውስጥ ካድሚየም የሚባል መርዛማ ብረትም አለ፤ እንግዴ ልጁ ላይ ይከማቻል። አይረን ያነሳት ሴት ካድሚየምን ይበልጥ ወደ ሰውነቷ ታስገባለች፤ አንጀት ሁለቱን በአንድ በር ስለሚያስገባ ጎተራው ባዶ ሲሆን በሩ ሰፋ ብሎ ይከፈታል። ድሃውን እየመረጠ የሚመታ ነገር ይሉታል እንዲህ ያለውን።

ጥናቶቹስ ምን ይላሉ? ከእትብት ደም ፌሪቲን ለክተው እናቲቱ ብዙ ባጨሰች ቁጥር የልጁ ጎተራ እየሳሳ እንደሚሄድ ያገኙ አሉ። ልዩነቱ ጎልቶ ያልታያቸውም አሉ፤ ሁሉም አንድ ቃል ናቸው ብል እዋሻለሁ። ክብደት በመቀነሱና ያለጊዜው በመወለድ ላይ ግን ክርክር የለም፤ ከእነዚህ ጋር አብሮ የሚሄደው የአይረን ጉድለትም የሒሳብ ጉዳይ ነው።

«ይሄ የፈረንጅ ችግር ነው፣ እኛ አገር ሴት መች ታጨሳለች?» የምትሉኝ ትኖራላችሁ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። በ2016 እ.ኤ.አ. በአገራችን በተደረገው የአዋቂዎች የትምባሆ ጥናት ትምባሆ የሚጠቀሙ ሴቶች 1.8 በመቶ ነበሩ፤ ወንዶች 8.1 በመቶ። ስለዚህ ተገላገልን? አልተገላገልንም። ጭስ ጾታ አይመርጥም፣ ግድግዳም አያግደውም። በአንድ ክፍል ቤት ውስጥ ባል ሲያጨስ ሚስት ታጨሳለች፤ በሚስት በኩል ደግሞ ጽንሱ። የሌላ ሰው ጭስ መጠኑ ቢያንስም ዓይነቱ ያው ነው።

በዚያ ላይ የእኛ ጎተራ ከመጀመሪያውም ሙሉ አይደለም። በዚያው በ2016 እ.ኤ.አ. በወጣው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከስድስት ወር እስከ አምስት ዓመት ካሉ ሕፃናት 57 በመቶው፣ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች ደግሞ 24 በመቶው የደም ማነስ ነበረባቸው። የደም ማነስ ሁሉ ከአይረን እጥረት አይመጣም፤ ወባም ትላትልም አሉበት። ቢሆንም ከሙሉ ጎተራ አንድ ቁና መውሰድና ከተሟጠጠ ጎተራ አንድ ቁና መውሰድ አንድ አይደለም። የሚያጨሰው ሰው ጥቂት መሆኑ ጉዳቱን ለተነካው ልጅ ጥቂት አያደርገውም።

ካርቦን ሞኖክሳይድ ስንል ደግሞ ሲጋራ ብቻ አይደለም። መስኮት በሌለው ማድ ቤት ውስጥ እንጨት የምትማግድ ነፍሰ ጡር፣ በር ተዘግቶ ከሰል የሚነድበት ክፍል፣ ብርድ እንዳይመታት ተብሎ አራሷ ከነልጇ ከከሰል ጋር የምትታፈንበት ቤት፤ ጋዙ ያው ነው። ቡና አታፍሉ አላልኩም! መስኮት ክፈቱ፣ ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉት፣ ጭሱ ካለፈለት በኋላ አስገቡት፤ ከገባም በኋላ ክፍሉ አይታፈን። ቀይ ፍም ባይጨስም ጋዙን ያወጣል።

ወደ ሺሻ ልምጣ። «በውሃ ይጣራል» የሚለውን ማን እንደጀመረው ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል፤ ስለቀዘቀዘም ጉሮሮ ሳይቆጣ በጥልቀት ይሳባል። ካርቦን ሞኖክሳይድን ውሃ አያስቀረውም። ሺሻ ላይ ደግሞ ትምባሆው ብቻ አይደለም የሚነደው፤ አናቱ ላይ ከሰል ተቀምጧል። አንድ ሰዓት ሺሻ ስትስብ የቆየች ሴት ከአንድ ሲጋራ እጅግ የበለጠ ካርቦን ሞኖክሳይድ ወስዳለች። የፍራፍሬ ሽታ ያለው ነገር ሁሉ ፍራፍሬ አይደለም። በአረብ አገራት ያላችሁ እህቶቼ፣ እዚያ ሺሻ እንደ ሻይ ቤት ወግ እንደሚታይ አውቃለሁ፤ ለጽንሱ ግን የአገር ባህል የሚባል ነገር የለም።

እኛ አገር የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የቤት ውስጥ ቦታዎችና በሥራ ቦታዎች ማጨስን ከልክሏል፤ ዕድሜው 21 ላልሞላ ትምባሆ መሸጥንም እንዲሁ። አዋጁ ጥሩ ነው። ሬስቶራንት ውስጥ ነፍሰ ጡር ባለቤቱን አስቀምጦ አጠገቧ የሚያጨሰውን ሰው «ይቅርታ፣ እዚህ አይቻልም» የሚል አስተናጋጅ ግን ስንት አይታችኋል? ሕጉ ከወረቀት የሚወርደው እኛ ስንጠይቅ ነው።

አባቶች፣ አሁን ተራው የእናንተ ነው። ሚስትህ ስታረግዝ ጉበት ገዝተህ ትገባለህ፣ «ቀይ ሥር ብዪ፣ ደም ይሆንሻል» ትላለህ። ከእራት በኋላ ደግሞ በረንዳ ላይ ቆመህ በሩን ገርበብ አድርገህ ታጨሳለህ። ጭሱ ተመልሶ ይገባል። በአንድ እጅ እየሰጠህ በሌላው እየነጠቅህ ነው፤ ወንድሜ፣ ጉበቱን የሚያህል ውለታ ሲጋራውን ብትተወው ነው። «ማቆም ከባድ ነው» ካልከኝ እስማማለሁ፤ ኒኮቲን ሱስ ነው፣ ስድብ አያስጥለውም። ሐኪም አማክር። እስክታቆም ድረስ ግን ቤትና መኪና ውስጥ አንድም ፍሬ አይለኮስ። መስኮት መክፈት አይበቃም።

ለሙያ አጋሮቼም አንድ ቃል አለኝ። የዓለም ጤና ድርጅት እያንዳንዷ ነፍሰ ጡር በየክትትሉ ስለ ትምባሆና በአካባቢዋ ስላለ ጭስ እንድትጠየቅ ይመክራል። ስንቶቻችን እንጠይቃለን? ደም ግፊት ለክተን፣ ሽንት መርምረን፣ የአይረን እንክብል ሰጥተን እንሸኛለን። ስንጠይቅም «አታጨሺም አይደል?» እንላለን፤ መልሱን አፏ ውስጥ እናስገባለን። እንዲህ ተጠይቃ «አጨሳለሁ» የምትል ሴት የለችም። በአገራችን ሴት ማጨሷ እንደ ነውር ስለሚታይ ትደብቃለች፤ የደበቀችውን ደግሞ ማከም አይቻልም። «ቤት ውስጥ የሚያጨስ ሰው አለ? አንቺስ አንዳንዴ ትወስጃለሽ?» ብሎ ረጋ ብሎ መጠየቅ ሁለት ደቂቃ አይወስድም።

አሁን ነፍሰ ጡር ሆነሽ ለምታጨሺ እህቴ፦ ይህን ያነበብሽው እንድትሸማቀቂ አይደለም። ካቆምሽ ካርቦን ሞኖክሳይዱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በአብዛኛው ከደምሽ ይወጣል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ያቆሙ እናቶች የሚወልዱት ልጅ ክብደት ከማያጨሱት ጋር ይቀራረባል። ስድስተኛ ወር ላይም ብትሆኚ አልረፈደም፤ አይረኑ በብዛት የሚተላለፈው ገና በሚመጡት ወራት ነውና። ለሐኪምሽ ወይም ለአዋላጅሽ እውነቱን ንገሪ።

በክትትል የሚሰጥሽን የአይረንና ፎሊክ አሲድ እንክብል በየቀኑ ውሰጂ። በሻይ ወይም በቡና አትውሰጂው፣ ከምግብ ጋር ተያይዞም አይጠጡ፤ ሁለቱም አይረን እንዳይገባ ይይዛሉ። ሰገራ ቢጠቁር አትደንግጪ። «ጤፍ እበላለሁ፣ አይረን አለው» ለምትሉኝ ደግሞ፦ ጤፍ አለው፤ ነገር ግን ከሚለካው ውስጥ ከፊሉ አውድማ ላይ የተቀላቀለው አፈር ነው፣ ያለውንም ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር ይይዘዋል። ሊጡ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል፤ ስለዚህ በደንብ የቦካ እንጀራ ይሻላል። እንክብሉን ግን አይተካም።

ወሊድ ላይ ልትጠይቁት የሚገባ አንድ ነገር አለ፤ እትብቱ ወዲያው እንዳይቆረጥ። ልጁ አስቸኳይ እርዳታ የሚያስፈልገው ካልሆነ በስተቀር ከአንድ እስከ ሦስት ደቂቃ መቆየቱ ከእንግዴ ልጁ የቀረውን ደም ወደ ልጁ ያሻግራል፤ ያ ደም አይረን ነው። ዋጋው ዜሮ ብር ነው።

ከወለድሽ በኋላ ማጨስ ባታቆሚ እንኳ ጡት አትከልክዪ። ጡት መጥባቱ ከጡጦ ይሻለዋል፤ ልጁ አጠገብ ግን አታጭሺ፣ ካጨስሽም ካጠባሽ በኋላ ይሁን። ስድስት ወር ሲሞላው በደንብ የተፈጨ ሥጋ፣ እንቁላል፣ ምስር ከቲማቲም ወይም ከብርቱካን ጋር ጀምሩለት። ሻይ ለሕፃን አይሰጥም፤ የላም ወተትም ከአንድ ዓመት በፊት ዋና መጠጡ አይሁን። የአይረን ጠብታ ከፋርማሲ በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ፤ መጠኑ ሲበዛ መርዝ ነው። የእናት እንክብልም ልጆች በማይደርሱበት ቦታ ይቀመጥ።

ውጭ አገር ያላችሁ ወላጆች፣ በአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበር ጡት ብቻ ለሚጠቡ ልጆች ከአራት ወር ጀምሮ የአይረን ጠብታ፣ አንድ ዓመት ሲሞላቸው ደግሞ የሄሞግሎቢን ምርመራ ይመክራል። ልጃችሁ ቀሎ ወይም ቀድሞ ተወልዶ ከሆነ፣ ወይም ቤት ውስጥ ጭስ ከነበረ፣ ሐኪሙ እስኪጠይቃችሁ አትጠብቁ፤ እናንተ ንገሩት። «ሄሞግሎቢኑ ደህና ነው» ካላችሁም «ፌሪቲኑስ?» ብላችሁ ጠይቁ። አገር ቤት ያላችሁም ምርመራው ባለበት ቦታ ይህንኑ ጠይቁ። በክትትል ጊዜ ስለ ጭስ ጠይቀዋችሁ ያውቃሉ? ምን ብለው እንደጠየቋችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ አነባለሁ።